እናቴን ለገና ላሊበላ ላሳልም

ጥያቄ፦ እናቴ ለገና ላሊበላን መሳለም ትመኛለች፤ ዕድሜዋ ስለገፋ ግን የመኪናውን መንገድ አትችለውም። በአውሮፕላን ብንሄድ ከማረፊያው ከተማው ድረስ እንዴት እንገባለን?

መልስ፦ መልካም አስበዋል። ከቦሌ በቀጥታ ሲበሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ይገኛል። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። ሆቴሎች እንግዶቻቸውን በሚኒባስ ስለሚቀበሉ፣ ክፍል ሲይዙ የበረራውን ሰዓት አብረው ይንገሯቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ካስፈለገ ቲኬት ሲቆርጡ ያስመዝግቡ። በገና ሰሞን መቀመጫም አልጋም ቶሎ ያልቃልና ይቅደሙ። እንደደረሱ እናትዎን በመጀመሪያ ያሳርፏቸው፤ ከፍታው ያደክማል፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደረጃም ጉልበት ይፈልጋል።