ወረርሽኝ ሲመጣ የልጆች ፈረስ ግልቢያ፦ የሚቀጥለውና የሚቆመው

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት፣ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሳምንት፣ ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ «ጋሼ፣ የቅዳሜው ግልቢያ አለ ወይስ የለም?» ለመጀመሪያዋ እናት «ሜዳ ላይ እኮ ነው፣ ምን ይመጣል» አልኳቸው። ቀጥሎ ለደወሉት አባት «እስቲ እንይ» አልኩ። አምስተኛው ሲደወል አላነሣሁም።

ያን ቀን ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩና ለአንዲት የስድስት ዓመት ጀማሪ የማደርገውን አንድ በአንድ ጻፍኩ። የሄልሜቷን ማሰሪያ አገጯ ሥር እቆልፋለሁ። ብብቷን ይዤ ኮርቻው ላይ አወጣታለሁ። እርካቡን በቁመቷ ልክ አሳጥሬ እግሯን አስገባለሁ። የፈረሱን የሆድ ጠፍር ለማጥበቅ ጉልበቷ ሥር አጎነብሳለሁ። ዛቡን በጣቶቿ መካከል አስይዛታለሁ፤ ሲያመልጣት ደግሜ አስይዛታለሁ። ተረከዟን ወደ ታች እጫናለሁ። በመጨረሻም አቅፌ አወርዳታለሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትንፋሼና ትንፋሿ ከአሥር ጊዜ በላይ ተገናኝቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት የጋለበ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሰብኩና ዝርዝሩን ልጽፍ ስል የምጽፈው አጣሁ። ፈረሱን ራሱ ይጭናል፣ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል፤ እኔ ከሜዳው መሀል ሆኜ እናገራለሁ፣ በቃ።

ሜዳው ያው ነው፣ ፈረሱም ያው ነው። የሚለየው የእኔ እጅ ስንት ጊዜ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ስለዚህ ውሳኔው በየልጁ እንጂ በየክፍሉ ሊሆን አይችልም። ያኔ እየተሳሳትኩ የደረስኩበትን አሠራር ከዚህ በታች በየተራ አስቀምጫለሁ፤ ፈረስ ለሚያሳድሩ፣ ለሚያሠለጥኑና ልጅ ለሚልኩ።

መጀመሪያ፦ ትእዛዙን አንብቡ፣ ሰውም ቁጠሩ

ከሁሉ በፊት የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ዜናውን መስማት አይበቃም፤ ጽሑፉን አግኝታችሁ አንብቡ። መጋቢት 30 ቀን 2012 በአገራችን ለአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በሁላችንም ጆሮ የገባው ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ መከልከሉ ነው። እስቲ በፈረስ ቤት ሒሳብ እንቁጠረው። አሠልጣኙ አንድ። ፈረሱን የሚይዘው ልጅ ሁለት። ተማሪው ሦስት። ያመጣው ወላጅ አራት። ከዚህ በኋላ ታናሽ ወንድም «እኔም ልይ» ብሎ ከመኪና ከወረደ ትርፍ ነው። አንድ ትምህርት ማለት አንድ ልጅ ማለት ሆነ። ቁጥሩ ከሚፈቅደው ደግሞ ለስፖርትና ለልጆች ጨዋታ የተቀመጠው ክልከላ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሁለቱ ከተጋጩ የጠበቀውን ያዙ። ጥርጣሬ ካላችሁ ወረዳውን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ መቀበልም አይከፋም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚለውን ግን አትከተሉ። ያኔ ከለንደንም ከፍራንክፈርትም ይደወልልኝ ነበር፤ እውነትም ሕጉ በየአገሩ የተለያየ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 5 ቀን 2020 ጀምሮ ለአራት ሳምንት ከቤት ውጭ የሚደረግ የልጆች ስፖርት ጭምር ቆመ። ታኅሣሥ ላይ ተከፈተ፣ ጥር 2021 እንደገና ተዘጋ፣ እስከ መጋቢት 29 ድረስም አልተከፈተም። የራሱ ፈረስ ያለው ሰው ግን ለእንስሳው ጤና ሲል እንዲያንቀሳቅስ ተፈቅዶለት ነበር። በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 በወጣው ሕግ፣ በሽታው በበረታባቸው ወረዳዎች እንኳ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አምስት አምስት ሆነው፣ ከቤት ውጭ፣ ሳይነካኩ መሠልጠን ይችሉ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን ከበሽታው ነፃ መሆኑን በምርመራ ማሳየት ነበረበት። የጀርመኑ ሕግ እኔ ወረቀት ላይ ካገኘሁት ነገር ጋር ይገጥማል፤ «ሳይነካኩ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ።

ሁለተኛ፦ ልጆቹን ለዩ

ልጁን ሦስት ነገር አሠሩት። መወጣጫ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያለ ሰው እርዳታ ኮርቻ ላይ መውጣት። ኮርቻ ላይ ሆኖ ጠፍሩንና እርካቡን ማስተካከል። ከሶምሶማ ወደ እርምጃ መልሶ፣ ከዚያ ማቆም፣ ያውም መሳቢያ ገመድ ሳይኖር።

ሦስቱንም የቻለ ልጅ፣ ሕጉ ከፈቀደ፣ ይቀጥላል። ሁለቱን ችሎ አንዱ የሚቸግረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍሩ ነው የሚያስቸግረው፣ አብሮት የሚኖር ወላጁ ያጥብቅለት፤ ወላጁን ግን አስቀድማችሁ ባዶ ፈረስ ላይ አለማምዱት። ጠፍር የሚጠብቀው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት በሦስት ጊዜ ነው፤ በድንገት ሆዱን የጨመቁት ፈረስ ዞሮ ይነክሳል።

ሦስቱንም የማይችለው ትንሹ ልጅ ይቁም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም። «እናቱ ገመዱን ይዛ ትምራው፣ አንድ ቤት ናቸው» ይላሉ። ሞክሬዋለሁ። ፈረስ የምትፈራ እናት ገመዱን እጇ ላይ ትጠመጥማለች። ፈረሱ ቢደነግጥ ጣቷን ይዞ ይሄዳል፣ እኔም ርቀት ረስቼ ሮጬ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ጥንቃቄ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ከልጅነቱ ከፈረስ ጋር ያደገ ወላጅ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ትንሹ ልጅ ቆመ ማለት ትምህርቱ ተቋረጠ ማለት አይደለም። በስልክ የሚማረው አያልቅበትም። ዳማውን ከጉራቻው፣ ቡላውን ከአምባላዩ ይለይ። ግላስ፣ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ዛብ እያለ ዕቃውን ይጥራ። ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲጥል ምን ማለቱ እንደሆነ በቪዲዮ ይይ። አባ ታጠቅ የአፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው የአፄ ምኒልክ የፈረስ ስም መሆኑን የነገርኩት አንድ ልጅ ለመንደሩ ሰው ሁሉ የፈረስ ስም አውጥቶ ጨረሰ። ቤት ውስጥ ትራስ በሶፋ መደገፊያ ላይ ጭኖ መቀመጥን መለማመድም ይችላል፤ ሶፋው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግን እኔ የለሁበትም።

ሦስተኛ፦ ሆስፒታሉን አስቡ

ይህን አብዛኛው ሰው ይረሳል። ከፈረስ ላይ የወደቀ ልጅ ክንዱ ቢሰበር በደህና ጊዜ ራጅና ጀሶ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ያው ልጅ ሕሙማን በሞሉበት ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ ትምህርቱ ቢቀጥልም ይዘቱ ይቀንስ። መዝለል የለም። ሽምጥ ግልቢያ የለም። ልጁን በማያውቀው ፈረስ ላይ ማውጣት የለም። ለሁለት ሳምንት ያልተንቀሳቀሰ ፈረስ ላይ ልጅ ማውጣትማ ፈጽሞ የለም፤ መጀመሪያ አዋቂ ይጋልበውና የተጠራቀመ ጉልበቱን ያውጣ። የቀረው እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ መዞር፣ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ጋላቢ የሚወጣው ከዚህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ በዚያ ዓመት ተማሪዎቼ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ተማሩ።

አራተኛ፦ የቀኑ ቅደም ተከተል

በር ላይ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና ይቀመጥ። ልጁ ሲገባም ሲወጣም ይታጠብ፤ ፈረስ ነክቶ መታጠብ በደህናውም ጊዜ ደንብ ነው። ያተኮሰው፣ የሚያስለው ወይም ቤቱ የታመመ ያለበት ልጅ በዚያው ይመለስ፤ ገንዘቡም ይመለስለት፤ ካልተመለሰለት ወላጅ ሕመሙን ይደብቃችኋል።

ሄልሜት የጋራ መሆኑ ይቅር። ቢያንስ ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ ይግዛ፤ መግዛት ያልቻለ ካለ አንዱ ሄልሜት ለእሱ ብቻ ይመደብና ስሙ ይጻፍበት። ትምህርቱ 30 ደቂቃ ይሁን፣ በሁለት ልጆች መካከል የ15 ደቂቃ ክፍተት ይኑር፤ ገቢና ወጪ በር ላይ እንዳይገናኙ። ወላጅ መኪናው ውስጥ ወይም አጥሩ ጋ ይቆይ።

ርቀቱን ፈረሱ ራሱ ይጠብቅላችኋል። ያኔ ይነገረን የነበረው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ነው። በፈረስ ትምህርት ደግሞ ከድሮም ጀምሮ በሁለት ፈረሶች መካከል የአንድ ፈረስ ርዝመት ክፍተት ይተዋል፤ አለበለዚያ የፊተኛው የኋለኛውን ይረግጠዋል። ስለዚህ ሕጉ ከአንድ ልጅ በላይ በሚፈቅድበት ጊዜ፣ ኮርቻ ላይ ያሉ ሁለት ልጆች ቢያንስ አራት አምስት ሜትር ይራራቃሉ። አደጋው ያለው መሬት ላይ ነው፤ ጋጣው ውስጥ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ልጆች ለፈረስ ካሮት ለመስጠት ሲጋፉ። ጋጣና ዕቃ ቤት ለተማሪ ይዘጋ። ፈረሱ ተጭኖ ሜዳው ላይ ይጠብቅ።

ስለ ማስክ፦ ሲወጡ፣ ሲወርዱና መሬት ላይ ሲቆሙ ግዴታ ይሁን። ኮርቻ ላይ ሕጉ አድርጉ ካለ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ሶምሶማውን አሳጥሩት፣ ልጁ ይታፈናል። አሠልጣኝ ደግሞ መጮኽ ይቀንስ። የሚጮኽ ሰው ከሚያወራ ሰው የበለጠ ትንፋሽ ይረጫል። የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ የተዘረጋ መዳፍ «ቁም»፣ የሚሽከረከር ጣት «ዙር»፣ ወደ ታች የተጫነ መዳፍ «ቀስ»። ፊሽካ ለመንፋት ያሰበ ካለም ይተወው፤ ፈረስ ያስደነግጣል፣ ያውም የሚነፋው በትንፋሽ ነው።

አምስተኛ፦ ዕቃ ማጽዳት

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አባክኛለሁ። በመጀመሪያው ወር ኮርቻውንና ዛቡን በሳኒታይዘር እየረጨሁ ስጠርግ ቆዳው ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ዛብ ልጅ እጅ ላይ ተበጠሰ። አልኮል የቆዳን ቅባት ይመጥጣል። ቆዳን በሳሙና በራሰ ጨርቅ ጠርጉ፣ በጥላ አድርቁ፣ በሳምንት አንዴ ቅባት ቀቡት። ከሁሉ በፊት የሚጠረገው ዛቡ ነው፤ ያለማቋረጥ በእጅ የሚያዝ እሱ ነውና። እርካቡን በሳሙና እጠቡ። ፈረሱ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ላይ ግን በረኪናም አልኮልም እንዳይነካ፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ። ሳኒታይዘር ደግሞ እሳት የሚይዝ ነገር ነውና ድርቆሽ አጠገብ አይቀመጥ።

ልጆች «በሽታው ከፈረሱስ ይይዘናል?» ይላሉ። ኮቪድ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ሲዛመት አየን እንጂ ፈረስ ለተማሪ ሲያስተላልፍ አላየንም። ፈረስ የራሱ ወረርሽኝ አለው፤ ከክረምት መውጫ ጀምሮ በትናንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈውና ብዙ ፈረስ የሚፈጀው በሽታ ሰው አይዝም። ደህና ፈረሰኛ ከገበያ የገዛውን አዲስ ፈረስ ከነባሮቹ ለሁለት ሦስት ሳምንት ለይቶ ያቆማል። ለይቶ ማቆየት ለሌላው አዲስ ቃል ሲሆን፣ ለባለ ፈረስ የቆየ ልማድ ነበር።

ስድስተኛ፦ ትምህርቱ ቢቆምም ፈረሱ ይበላል

ሱቅ ቢዘጋ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቆያል። 250 ኪሎ የሚመዝን የአገር ፈረስ ግን በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽና እንደ ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፣ ተማሪ መጣም አልመጣም። ሥራ ሲቀንስ ገብስና ፉርሽካው ወዲያው ይቀነስ፤ ድርቆሹ ግን አይቀነስ። ቆሞ እህል የሚበላ ፈረስ ሆዱ ይታመማል፣ ወይም በወጣ ቀን ጡንቻው ይቆራመድና መራመድ ያቅተዋል። በየቀኑ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይንቀሳቀስ፣ ተይዞም ቢሆን።

የት እንደሚንቀሳቀስ አስቀድማችሁ አስቡ። ዘመን ሙሉ ፈረስ የተጋለበበት ጃን ሜዳ በዚያ ሰሞን የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ተዛውረውበት ሽንኩርትና ቲማቲም ሞላበት። ለከተማው ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ሜዳ ለለመደ ፈረስ ግን ድንገተኛ ነበር። ለ2013 ጥምቀት እስኪጸዳ ድረስ ሌላ ቦታ መፈለግ የግድ ሆነ።

ስለ ገንዘብ፣ ወላጅን አታታሉ። የመኖ ገንዘብ የምትፈልጉ ከሆነ «ለመኖ ነው» ብላችሁ ጠይቁ፤ በትምህርት ክፍያ ስም አትጠይቁ። የፈረሱን ወርኃዊ ወጪ በወረቀት ጽፌ ለወላጆች ላክሁ፤ ድርቆሹ፣ ጫማው፣ ሐኪሙ፣ የጠባቂው ደመወዝ። የከፈሉም ያልከፈሉም ነበሩ፤ የተቆጣ ግን አልነበረም።

ሰባተኛ፦ ሲከፈት

ፈረሱ ሰንፎ፣ ልጁ ረስቶ ነው የሚመለሱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ሶምሶማውን በየጥቂቱ ጨምሩ። ኮርቻው ፈረሱ ጀርባ ላይ ደህና መቀመጡን እዩ፤ ወፍሮ ወይም ከስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ልጁን እዩት። የመጋቢት ሄልሜት ለመስከረም ጭንቅላት ላይገባ ይችላል። ያቺ የስድስት ዓመቷ ተማሪዬ ስትመለስ ሰባት ሞልቷት ነበር፤ መወጣጫው ድንጋይ ላይ ብቻዋን ቆማ እግሯን እርካብ ውስጥ ከተተች፤ ጠፍሩን ላጠብቅ ስጠጋ «ቆይ» አለችኝና የእርካቡን ቆዳ ራሷ ሁለት ቀዳዳ አስረዘመችው።