ተጠርጣሪ ማለት ጥፋተኛ ማለት አይደለም

«ሰው ለሰው» ድራማ በኢቴቪ ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ በታየ ማግስት ክፍላችን ክርክር በክርክር ነበር። ግማሹ «አስናቀ መያዝ አለበት!» ይል ነበር። ሌላው «እሱ ከሌለማ ድራማው አይጥምም» ይል ነበር። አንዳንዶች ደግሞ አስናቀን ሆነው የተጫወቱትን አርቲስት አበበ ባልቻን ራሳቸውን ይጠሏቸው ነበር። ይህ ስህተት ነው። አስናቀ ገጸ ባሕርይ ነው፤ አርቲስቱ ግን ተዋናይ ናቸው።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። የብሪታንያው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሸርሎክ ሆልምስን ከክፉው ሞሪያርቲ ጋር አታግሎ በ1893 እ.ኤ.አ. ሲገድለው አንባቢዎች ተቆጡ። ከዓመታት በኋላ መልሶ አመጣው። ሰው ሆልምስን የወደደው ጥቃቅን ማስረጃ ፈልጎ እውነቱን ስለሚያወጣ ነው።

እኛስ? ባለፈው ወር በክፍላችን የደብተር መግዣ 10 ብር ጠፋ። አንድ ልጅ ዝም ስላለ ብቻ «አስናቀ!» እያልን ሰደብነው። እኔም አለሁበት። ልጁ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረ። ብሩ ግን በባለቤቱ የተቀደደ ኪስ ሾልኮ ካፖርቱ ገበር ውስጥ ተገኘ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ስለዚህ ጣት ከመቀሰራችን በፊት እንጠይቅ፦
1. ማን አየ?
2. ምን ማስረጃ አለ?
3. ተጠርጣሪው ራሱ ምን ይላል?

እኔ ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ያልጠየቃችሁት ዛሬውኑ ጠይቁት። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!