አስዌይጅ የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጓሜና አገባብ

በኢየሩሳሌም ቅዱሳት መካናት የሚያገለግል ደቀ መዝሙር ከልዩ ልዩ አገር ከሚመጡ ተሳላሚዎች ጋር ብዙ ጊዜ የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የኀዘንንና የመጽናናትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ከእነዚህም አንዱ አስዌይጅ የሚባለው ግሥ ነው። ቃሉ በገበያና በመንገድ ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ በመጽሐፍ፥ በስብከትና በክብር ደብዳቤ ግን ይገኛል። ትርጓሜውም የሚያሠቃየውን ነገር ማለዘብ፥ ማቅለል፥ ማስታገሥ ማለት ነው።

ዘሩ ሱዋቪስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ይኸውም ጣፋጭ፥ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ግሥ ከማጣፈጥ ሲወጣ፥ የአማርኛው አስታገሠ ከትዕግሥት ወጥቷል። መንገዳቸው ቢለያይም በሕመምና በኀዘን ላይ ሲነገሩ አሳባቸው አንድ ነው፤ ሥቃዩ ቀነሰ ያሰኛሉ እንጂ ጠፋ አያሰኙም።

በአገባቡ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በተሳቢው ነው። የአስዌይጅ ተሳቢ ሰውዬው ሳይሆን በሰውዬው ላይ ያለው ስሜት ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ካህኑ አጽናናት ለማለት የፈለገ ሰው እናቲቱን ተሳቢ ቢያደርግ ንግግሩ ይሰናከላል፤ የእናቲቱን ኀዘን ተሳቢ ቢያደርግ ግን ይቀናል። እናቲቱን ራሷን ለመሳብ ኮምፈርት የሚለው ግሥ ይሻላል። ይህም ፎርቲስ ከተባለው የላቲን ቃል የተገኘ ነው፤ ፎርቲስ ብርቱ ማለት ነው። አጽናናም ከጸና እንደ ወጣ ልብ ይሏል። በግእዝም ከባረከ ቤት የሚቈጠረው ናዘዘ እንዲሁ ሰውን ይስባል፤ ስለዚህ ጰራቅሊጦስ ናዛዚ ይባላል።

ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ቃል ብቻ አይበቃውም። ተሳቢው ሕመም ወይም ረኀብ ቢሆን አስታገሠ፥ ቍጣ ቢሆን አበረደ፥ ጥም ቢሆን አረካ፥ ኀዘን ቢሆን አቀለለ ይባላል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ግሥ በዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ቍጥር 1 የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለመናገር ገብቷል። በዚያ ስፍራ ተሳቢ የለውም፤ ይህም አገባብ ዛሬ ቀርቷል። በሲራክ ምዕራፍ 18 ቍጥር 16 ጠል ትኩሳትን ማብረዱን ይናገርበታል። በኢዮብ ምዕራፍ 16 ቍጥር 5ና 6 ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንደኛው ኢዮብ በወዳጆቹ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ኀዘናቸውን በቃሉ ባቀለለላቸው ነበር ሲል፥ ሁለተኛው የራሱ ኀዘን በመናገሩ እንዳልቀለለ ሲገልጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግሡ ጊልት ከሚለው ስም ጋር ሲጣመር ነው። ጊልት በደልም፥ የበደለኛነት ስሜትም ይሆናል። አስዌይጅ ሲስበው ግን ስሜቱን ማለቱ ነው፤ የኅሊናን ወቀሳ ማለዘብ ይሆናል። የሰው ገንዘብ የሰረቀ ሰው ከሰረቀው ጥቂቱን ለድኻ መጽውቶ ልቡን ቢያሳርፍ ይህ ግሥ ይስማማዋል፤ ገንዘቡ ግን ለባለቤቱ አልተመለሰም፥ በደሉም እንዳለ ነው። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር ተሳላሚ ካህኑ ለተነሳሒው ምን ያደርግለታል ብሎ ቢጠይቅና አስተርጓሚው በአስዌይጅ ቢመልስ፥ ምስጢረ ንስሐን እንደ ሕመም ማስታገሻ ቈጠረው ማለት ነው። ሥርየተ ኃጢአት ወቀሳን ማደንዘዝ አይደለምና። ለዚህ የሚገባው አብዞልቭ ወይም ፎርጊቭ የሚለው ግሥ ነው፤ የፊተኛው ከእስራት መፍታትን፥ የኋለኛው ይቅር ማለትን ያመለክታል።

በኀዘንተኛ ፊት ግን አስዌይጅ በትክክለኛ ስፍራው ይቆማል። ሙት ልጁን እያሰበ በጎልጎታ ለሚያለቅስ ተሳላሚ ኀዘንህን አጠፋልሃለሁ ብሎ ተስፋ መስጠት ሐሰት ነው። አብሮት ተቀምጦ ሸክሙን ጥቂት ማቅለል ግን ይቻላል፤ ግሡም ከዚህ አብልጦ አይናገርም። ቃልን በልክ የሚያውቅ ደቀ መዝሙር ለተነሳሒው ሥርየትን አያሳንስበትም፥ ለኀዘንተኛውም የማይፈጽመውን ተስፋ አይሰጠውም።