ያገለገለ መኪና ግዥ በካምፓላ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የተሰጡትን ጥያቄዎች መልሱ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካምፓላ የባሕር በር የሌላት የዩጋንዳ ርእሰ ከተማ ናት። በጎዳናዎቿ ላይ ከሚታዩት የቤት መኪናዎች አብዛኞቹ በጃፓን አገር ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ በመርከብ እስከ ሞምባሳ ወደብ፣ ከዚያም ኬንያን አቋርጠው በየብስ የመጡ ናቸው። በሁለቱም አገሮች መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ስለ ሆነ መሪያቸው በቀኝ መሆኑ ችግር አይፈጥርም። መኪናዎቹ ቀረጥ እስኪከፈልባቸው ድረስ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች ይቆማሉ። የከተማው ሰው እነዚህን ግቢዎች «ቦንድ» ይላቸዋል፤ ናካዋ በተባለው ሰፈር በብዛት ይገኛሉ። በ2018 በወጣው የሕግ ማሻሻያ መሠረት ከተሠራ 15 ዓመት የሞላው መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል።

ዛሬ ግን ብዙው ገዥ መኪናውን መጀመሪያ የሚያየው በቦንድ ሳይሆን በእጅ ስልኩ ላይ ነው። ፎቶግራፍ፣ ዋጋና የስልክ ቁጥር ይመለከታል፤ ሻጩን ግን አያይም።

በካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ከፍቶ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አለ እንበል። በስድስት ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ ከገበያ ዕቃ የሚያመላልስበት መኪና ሊገዛ አስቧል። በስልኩ ላይ ያየው ማስታወቂያ ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ሲደውል የሚያነሣው ደላላ የአገሩ ልጅ ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ ሌላ ገዥ ሊወስደው ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ሽልንግ ቀብድ በስልክ ይላኩልኝና ላስቀምጥልዎ» አለው። በባዕድ አገር የራስን ቋንቋ መስማት ልብን ያራራልና፣ ሰውየው ገንዘቡን ለመላክ ተቃርቦ ነበር።

እስኪ የአገሩ ሕግ ለእንደዚህ ያለው ገዥ ምን መብት እንደሚሰጠው እንመልከት። በ2010 የወጣው የውል ሕግ ዋጋው ከ500,000 ሽልንግ በላይ የሆነ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ይህን የሚያህል ዋጋ ያለው መኪና በካምፓላ ስለማይገኝ፣ የመኪና ሽያጭ ሁሉ የጽሑፍ ውል ያስፈልገዋል ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ብሂል በዚያ አገር የሕግ አንቀጽ ሆኗል። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስለሚደረግ ግብይት በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ በዚህ ዘዴ የሚሸጥ ነጋዴ ስሙን፣ አድራሻውንና የዕቃውን ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ እንዲገልጽ ያስገድደዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለመኪና ገዥ እጅግ ጠቃሚ ነው። በቦንድ ያለ መኪና ዋጋ ሲነገር ቀረጡ አንዳንድ ጊዜ ተጨምሮ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳይጨመር ነውና፣ ርካሽ የመሰለው መኪና ቀረጡ ሲታሰብ ከሌላው ሊወደድ ይችላል።

ስለ ዕቃ ሽያጭ በ2017 የወጣው ሕግ ከዚህም ጠልቆ ይገባል። በውሉ ባይጻፍ እንኳ፣ ሻጩ የመሸጥ መብት እንዳለውና መኪናውም በተነገረለት ዓይነት መሆኑን ዋስትና እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ሻጩ መኪና መሸጥን ሥራው ያደረገ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የጥራት ዋስትና ይጨመራል፤ አንድ ጊዜ የገዛ መኪናውን የሚሸጥ ግለሰብ ግን ይህ የጥራት ግዴታ የለበትም። ገዥው ጉድለቱ አስቀድሞ ተነግሮት ከሆነ፣ ወይም መርምሮ ሊያየው የሚገባውን ጉድለት ሳያይ ካለፈ፣ በኋላ በዚያ ጉድለት ሊከራከር አይችልም።

መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝስ? በ2015 በእንግሊዝ አገር የተሰረቀ አንድ ሌክሰስ መኪና በውስጡ በነበረው መከታተያ መሣሪያ ምክንያት ካምፓላ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሌሎች የተሰረቁ መኪናዎችም አብረው ተደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለውን መኪና በቅን ልቦና የገዛ ሰው እንኳ መኪናውን ለባለቤቱ ይለቅና ገንዘቡን ከሻጩ ላይ ይጠይቃል። ሕጉ ለገዥው የሰጠው መብት ሁሉ በሻጩ ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ስሙና አድራሻው ያልታወቀ ሻጭ ሲጠፋ መብቱም አብሮት ይጠፋል።

ስለዚህ ከዋጋ ክርክር በፊት የሻንሲውን ቁጥር በራስ ዓይን አይቶ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ሊብሬውን በዩጋንዳ «ሎግቡክ» ይሉታል። ሎግቡክን አስይዞ መበደር በካምፓላ የተለመደ ነው። በ2019 ስለሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ መኪናው በዕዳ መያዙን በአገሩ የምዝገባ አገልግሎት መሥሪያ ቤት መዝገብ ማስፈለግ ይቻላል። መኪናው ከጃፓን ሐራጅ የመጣ ከሆነ የሐራጁን የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ ኪሎ ሜትሩ ተጽፏል፣ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪናም ብዙውን ጊዜ በላቲኑ «አር» ፊደል ይለያል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው፤ ያረጀ የፍሬን ፔዳልና የተበላ የመሪ ቆዳ ግን ብዙውን ጊዜ እውነቱን ያወጣሉ።

ወደ ካባላጋላው ሰው እንመለስ። ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሻጩን ስም፣ የሻንሲውን ቁጥርና የሎግቡኩን ግልባጭ ጠየቀ። ደላላው ባለቤቱ ውጭ አገር መሆኑን ነግሮ ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ አለ፤ በማግሥቱ ስልኩን አላነሣም። ቀብዱ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ሰውየው እስከ 10 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ በሚታይበት የፍርድ ቤት ሥርዓት መክሰስ በቻለ ነበር፤ የሚከሰሰው ሰው ስም ግን በእጁ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ያው ፎቶግራፍ በሌላ የስልክ ቁጥርና በሌላ ዋጋ ወጥቶ አየው።

መልመጃ

1. ደላላው «ጋሼ» ብሎ መጥራቱ በገዥው ላይ ምን ስሜት አሳደረ? ከምንባቡ ጠቅሳችሁ አስረዱ።
2. ከነጋዴ በመግዛትና ከግለሰብ በመግዛት መካከል ሕጉ ምን ልዩነት ያደርጋል?
3. «ቀብድ»፣ «ሐራጅ»፣ «መያዣ» የሚሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።
4. የካባላጋላው ሰው ከአንድ ነጋዴ መኪና ገዛ እንበል። የሽያጩን ውል ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጻፉ።