የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነውን?



ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ እዚሁ ጂንካ ከአንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ነበር። እርሱም «ማስ ኢፌክት 2» የተባለውን፣ ባዮዌር የተባለ የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን የጠፈር ጨዋታ በኮምፒውተር ሲጫወት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ለሁላችንም የሚጠቅም ስለ መሰለኝ እነሆ ጻፍሁት።

በጨዋታው ታሪክ ሼፐርድ የተባለው የጦር አዛዥ ይሞታል፤ ወደ ሕይወት የሚመልሰውም «ሰርበረስ» የተባለ ድብቅ ቡድን ነው። ይህ ቡድን የሰው ዘር ከሌሎች ፍጥረታት በላይ እንዲሆን የሚሻ፣ ለዚህም ሲል በሕፃናት ላይ ሳይቀር የጭካኔ ሙከራ ያደረገ ነው። ነገር ግን በሩቅ የሰፈሩ ሰዎች በገፍ ሲጠለፉ ከእርሱ በቀር የሚደርስላቸው ጠፋ። ስለዚህ ሼፐርድ የሰርበረስን መርከብና ገንዘብ ተቀብሎ ይዘምታል።

ጓደኛችን «ሰው ከዳነ መርከቡ የማንም ቢሆን ምን አገባኝ?» አለ። አንዲት እኅታችን ግን ከሼፐርድ ተከታዮች አንዷን፣ በልጅነቷ በሰርበረስ እጅ የተሠቃየችውን ጃክን አስታወሰችና፣ «እስቲ ይህን ለጃክ ንገራት» አለችው። ሁላችንም ዝም አልን።

ይህ ጥያቄ በአገራችንም ደርሶአል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። እነ ኃይሌ ፊዳ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ሐሳባቸውም ወታደሩን እየነቀፉም እየደገፉም ሕዝቡን ማደራጀት ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን የሕዝብ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃይሌ ፊዳ መሩት። ይህን መንገድ የተቃወመው ኢሕአፓ በበኩሉ በከተማ ግድያ ውስጥ ገባ፤ የመኢሶን ሰዎችም ተገደሉ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ቀበሌዎችን አስታጥቆ ሽብሩን ሲያፋፍም መኢሶን ከጎኑ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከደርግ ተለይቶ ኅቡእ ሲገባ ግን ያው ሰይፍ ወደ ራሱ ዞረ። ኃይሌ ፊዳም ተይዘው በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገደሉ።

እኛ የከብት አገር ልጆች ነን። ቀማኛ ቢበዛም ጅብን እረኛ አድርጎ የሚቀጥር የለም። ጅቡ ቀማኛውን ያባርር ይሆናል፤ ሲመሽ ግን በረቱ ውስጥ ያለው እርሱ ነው።

ታዲያ ዳር ቆሞ ማየት ይሻላልን? እርሱም ንጽሕና አይደለም፤ የተጠለፉት የሚደርስላቸው ይሻሉ። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው። ስለዚህ ከክፉ ጋር ለአንድ ጉዳይ የሚቆም ሰው «ከዚህ አላልፍም» የሚልበትን ወሰን ሳይገባ በፊት ይቁረጥ፤ በአደባባይም ይናገር። ከገባ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየለመደ ወሰኑን ራሱ ይገፋዋልና። በጨዋታው መጨረሻ የሰርበረስ አለቃ የጠላትን ምሽግ ከነምሥጢሩ እንዲሰጠው ሼፐርድን ይጠይቃል፤ መስጠትም ማፍረስም ይቻላል። ተጫዋቹ ቢሳሳት ካስቀመጠበት እንደገና ይጀምራል። ለመኢሶን እንዲህ ያለ መመለሻ አልነበረውም፤ ለእኛም የለንም።

የመወያያ ጥያቄዎች፤

1ኛ/ የምንረዳው ቡድን የበደላቸውን ሰዎች ቀርበን ሰምተናልን?

2ኛ/ «ከውስጥ ሆኜ አርመዋለሁ» የሚል ሰው፣ ማረም ቢያቅተው መቼ መውጣት ይገባዋል?