ሁለት ድምፅ በአንድ ሽቦ

ባለፈው የግጥም ምሽታችን የሆነውን የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ማጉያው ያለው አንድ መግቢያ ብቻ ነበርና፥ የማይክሮፎኑን ሽቦና የክራር ቅጂ ካለበት ስልክ የመጣውን ሽቦ በአንድነት ጠምዝዘን ሰካናቸው። ክራሩ ተሰማ፤ ገጣሚው ግን ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ታየ። ስልኩን ዝም ብናሰኘውም ግጥሙ አልተመለሰም። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም ምክንያቱን ሳናውቅ ልናልፈው አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስልኩ መውጫ ውስጣዊ ተቃውሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ የማይክሮፎኑ ግን በመቶዎች ኦም ይቈጠራል። በቀጥታ ሲገናኙ የማይክሮፎኑ ደካማ ኃይል፥ ስልኩ ዝም ቢልም እንኳ፥ በዚያው በኩል ወደ መሬት ይፈስሳል።

በየሽቦው 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብቶ ማገናኘት ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የአንዱን ማስተካከያ ስንነካም የሌላው ይለወጣል።

ስለዚህ ቲኤል 072 የተባለውን ዕቃ መረጥን፤ በአንድ ቅርፊት ሁለት ማጉያዎች አሉበት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 ጉስታቭ ኪርኾፍ እንዳስረዳው፥ ወደ አንድ መጋጠሚያ የሚገባው ከረንት ድምር ከዚያው ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። በ6ኛው እግር ላይ ሁለቱን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አገናኝተን፥ ከ7ኛው (ከመውጫው) ወደ 6ኛው ሌላ 10 ኪሎ ኦም እንመልሳለን። ማጉያው 6ኛውን እግር በአንድ ቮልት ላይ ስለሚያጸናው፥ አንዱ ድምፅ ሌላውን አያይም፤ ከረንታቸው ብቻ ይደመራል። የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው።

የማይክሮፎኑ ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ በመጀመሪያው ማጉያ ይጐላል፤ መግቢያው 1 ኪሎ ኦም፥ መመለሻው 100 ኪሎ ኦም ነው። ስሌቱ 100 እጥፍ ይላል፤ የማይክሮፎኑ ተቃውሞ ሲጨመርበት ግን ከዚያ ያንሳል። በ1 ኪሎ ኦሙ ፊት 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፥ በ10 ኪሎ ኦሞቹ ፊት 1 ማይክሮፋራድ ይበቃል፤ ሁለቱም እስከ 16 ኸርዝ ገደማ ያሳልፋሉ።

ባትሪው ባለ 9 ቮልት ነው፤ 8ኛው እግር ከፖዘቲቩ፥ 4ኛው ከመሬት ይገናኛል። መጀመሪያ 3ኛውንና 5ኛውን እግር ከመሬት ጋር አገናኝተን ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነብን። በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ባትሪውን አካፍሎ 4.5 ቮልት መስጠት ይገባል፤ መውጫውም ላይ ካፓሲተር ይጨመር። ከማጉያው ጋር ሳታገናኙ 1ኛውና 7ኛው እግር 4.5 ቮልት ማሳየታቸውን ለኩ።

የእኛው አሳይቶናል። ገጣሚው ግን በጆሮዬ ሳልሰማ ማይክሮፎን አልጨብጥም ብሏል፤ አንወቅሰውም።