ቃልን በፊደሉ መፈለግ፦ ተደራቢ ፊደሎችን በጨዋታ መማር

በዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ስለ ቃላት ጨዋታ እንነጋገራለን። የላቲን ፊደሎቹን በስማቸው እየጠራን ስለምንጽፍ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው በደብተሩ ቢጽፍ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል።

በቅርቡ ከተማሪዎቻችን አንዱ ለትምህርት ዕድል የጻፈውን ማመልከቻ ከመላኩ በፊት እንድናይለት አመጣልን። «ትምህርቴን ለመቀጠል ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት «ሆፒንግ» የሚለውን ቃል ኤች-ኦ-ፒ-ፒ-አይ-ኤን-ጂ ብሎ ጽፎታል። ተስፋ ማድረግ የሚጻፈው በአንድ ፒ ነው። ፒ ሁለት ከሆነ በአንድ እግር መዝለል ማለት ይሆናል። ልጁ ሳያውቀው «ትምህርቴን ለመቀጠል በአንድ እግሬ እየዘለልሁ ነው» ብሏል። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ሳይታረም ቢላክ ግን የሚያነበው ሰው ምን ይል ነበር? በደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። በዚህ አገር ለቢሮ የምንጽፈው ሁሉ በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ስህተቱ ከየት መጣ?

ስህተቱ የስንፍና አይደለም። በፊደላችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በአንድ ዓይነት ይጻፋል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል እንጂ በጽሑፉ ላይ ልዩነት የለም። ስለዚህ በአማርኛ የተማረ እጅ ፊደል መደረብን አልለመደም።

በእንግሊዝኛ ተደራቢ ፊደል ሌላ ሥራ አለው። ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ያመለክታል። የሚገርመው፣ ከእኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ቃላትም ተደርበው ይጻፋሉ። ብር ቢ-አይ-አር-አር፣ ጤፍ ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ ይባላሉ። በአፋችን የምናጠብቀውን እነርሱ በፊደል ጻፉት።

ጨዋታው

ስክራብል የሚባለውን ጨዋታ የፈጠረው አልፍሬድ ባትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። በ1930ዎቹ በኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ባጣበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ከጋዜጣ ላይ ቆጠረ። ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ትንሽ፣ ለብርቅዬው ብዙ ነጥብ ሰጠ። ኢ 1 ነጥብ ሲሆን፣ ኪው እና ዜድ 10 ናቸው።

መግዛት አያስፈልግም፤ ከካርቶን 100 ቁራጭ መቁረጥ ይበቃል። ኢ 12፤ ኤ እና አይ 9 9፤ ኦ 8፤ ኤን፣ አር እና ቲ 6 6፤ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ እና ዲ 4 4፤ ጂ 3፤ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ፒ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ ቪ፣ ደብልዩ እና ዋይ 2 2፤ ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ 1 1፤ ሁለት ደግሞ ባዶ ይሁኑ። ባዶው በማንኛውም ፊደል ምትክ ይገባል። ተጫዋቹ 7 ቁራጭ ይዞ ቃል ይሠራል፤ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ከተጠቀመ 50 ነጥብ ይጨመርለታል። የቦታና የሰው ስም አይፈቀድም።

እንዴት እንፈልግ?

1ኛ/ ከመጨረሻው ጀምሩ። አይ-ኤን-ጂ ወይም ኢ-ዲ በእጃችሁ ካለ ለብቻ አስቀምጡት፤ በቀሩት ፊደሎች ግሥ ፈልጉ።

2ኛ/ መደረብ እንዳለበት መርምሩ። አጭሩ ግሥ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ከጨረሰ የመጨረሻው ይደረባል፦ አር-ዩ-ኤን (መሮጥ) ኤን ይደርባል፤ ኤስ-አይ-ቲ (መቀመጥ) ቲ ይደርባል። ድምፅ በሌለው ኢ ከጨረሰ ግን ኢ ይወድቃል፤ ምንም አይደረብም፦ ኤም-ኤ-ኬ-ኢ (መሥራት) ኤም-ኤ-ኬ-አይ-ኤን-ጂ ይሆናል። በደብልዩ፣ በኤክስና በዋይ የሚጨርሱት አይደርቡም።

3ኛ/ ለኪው ዩን ፈልጉለት። ኪው-ዩ-አይ-ኢ-ቲ ጸጥ ያለ፣ ኪው-ዩ-አይ-ቲ-ኢ ደግሞ በጣም ማለት ነው፤ አታምታቱ። ዩ ከጠፋ ጫት አለላችሁ፦ ኪው-ኤ-ቲ፣ 12 ነጥብ።

4ኛ/ ትርጉሙን ያልተናገረ ነጥብ አያገኝም። ይህ የእኛ ክፍል ደንብ ነው። በ2015 ናይጀል ሪቻርድስ የተባለው የኒውዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር፣ ቃላቱን ብቻ ሸምድዶ የፈረንሳይኛውን ውድድር አሸንፏል። በዚያው ዓመት ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ በእንግሊዝኛው የዓለም ውድድር የመጀመሪያው አፍሪካዊ አሸናፊ ሆኗል። ለዋንጫ መሸምደድ ሊበቃ ይችላል፤ ለማመልከቻ ግን ትርጉም ያስፈልጋል።

መልመጃ

ሀ/ ከኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ አራቱንም የያዙ ስድስት ቃላት ሥሩ።
ለ/ ከኤስ፣ ኢ፣ ፒ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ ሰባቱንም የያዘ አንድ ቃል ፈልጉ።
ሐ/ ደብልዩ-አር-አይ-ቲ-ኢ (መጻፍ) አይ-ኤን-ጂ ሲጨመርበት ስንት ቲ ይኖረዋል?

መልስ

ሀ/ ኤስ-ቲ-ኦ-ፒ (ማቆም)፣ ኤስ-ፒ-ኦ-ቲ (ቦታ)፣ ፒ-ኦ-ኤስ-ቲ (ምሰሶ)፣ ፒ-ኦ-ቲ-ኤስ (ድስቶች)፣ ቲ-ኦ-ፒ-ኤስ (ጫፎች)፣ ኦ-ፒ-ቲ-ኤስ (ይመርጣል)።
ለ/ ኤስ-ቲ-ኦ-ፒ-ፒ-ኢ-ዲ (ቆመ)።
ሐ/ አንድ ብቻ። «ተጽፏል» ለማለት ግን ደብልዩ-አር-አይ-ቲ-ቲ-ኢ-ኤን ስለሚሆን ሁለት ነው።

በመጨረሻም የተማሪያችንን ቃል በነጥብ እንመዝነው። በአንድ ፒ የተጻፈው ተስፋ 12 ነጥብ አለው። በሁለት ፒ የተጻፈው ዝላይ 15 ሆኖ፣ ሰባት ፊደል ስለሆነ 50 ተጨምሮበት 65 ይሆናል። በካርቶኑ ላይ ዝላዩን ምረጡ፤ በማመልከቻው ላይ ግን ተስፋውን ጻፉ። ልጁም አርሞ ልኮታል።